ከቢላዋ ወደ ውሳኔ፦ የ«ካት»፣ የ«ኩቱ» እና የ«ቆረጠ» ነገር

በኢሉባቦር፣ በቢሎ ኖፓ ወረዳ የሚያድግ ሕፃን ገና ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ በኦሮምኛ «ኩቱ» የሚለውን ግሥ ይሰማል፤ ትርጓሜው «መቁረጥ» ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ሲገልጥ ደግሞ «ካት» የሚል ግሥ ያጋጥመዋል፤ የዚህም ትርጓሜ ያው «መቁረጥ» ነው። መምህሩ አነባበቡን ባያርሙት ኖሮ ፊደሉን ተከትሎ «ኩት» ብሎ ባነበበው ነበር። አማርኛን በሚማርበት ክፍለ ጊዜ ሦስተኛው ግሥ «ቆረጠ» ይመጣና ከሁለቱ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ ይህ ልጅ «ፈረንጆቹ ቃሉን ከእኛ ወሰዱ ወይስ እኛ ከእነርሱ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሞኝነቱ ያለው በችኮላ በሚሰጠው መልስ ላይ ነው።

በሀገራችን የቃላትን ምንጭ በድምፅ መመሳሰል ብቻ የመፍታት ልማድ ሥር የሰደደ ነው። በሻይ ቤት ጨዋታ ይቅርና በታተሙ ጽሑፎችም ውስጥ የከተማን፣ የወንዝን፣ የጎሣን ስም ባቅራቢያ በተገኘ ግሥ እየመነዘሩ ታሪክ የሚያቆሙ ጸሐፊዎች አልታጡም። በዚህ ስልት ቢኬድ «መቱ» የሚለው የከተማ ስም «ደበደቡ» ማለት ይሆንና፣ ማን ማንን እንደ መታ የሚተርክ አንድ ጦርነት ሊፈለግለት ነው። የመቱ ነዋሪ የከተማው ስም የአማርኛ ግሥ አለመሆኑን ስለሚያውቅ ይስቃል እንጂ አይከራከርም። «ካት» እና «ኩቱ» ግን ድምፃቸውም ትርጓሜያቸውም ስለሚገጥም ሳቅ ብቻ አይበቃቸውም፤ መመርመር አለባቸው።

የእንግሊዝኛው «ካት» ታሪክ ራሱ ግራ የሚያጋባ ነው። ዛሬ እንግሊዞች ያለ እርሱ አንድ ቀን መዋል የማይችሉት ይህ ግሥ እስከ 1100 እ.ኤ.አ. ገደማ በተጻፈው በአሮጌው እንግሊዝኛ ውስጥ አይታወቅም። የዚያ ዘመን ሰው ለመቁረጥ ሌሎች ግሦች ነበሩት፤ ከእነርሱም አንዱ ዛሬ «ካርቭ» ሆኖ፣ ትርጓሜው ጠብቦ፣ ለእንጨት ቀራጭና ለገበታ ሥጋ ቀርቷል። «ካት» በጽሑፍ ብቅ የሚለው በ1300 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ከስካንዲናቪያ ቋንቋዎች የመጣ ነው ብለው የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ፤ ማስረጃው ግን አልተሟላም። በመካከለኛው ዘመን «ኡ» የነበረው አናባቢው በደቡብ እንግሊዝ ወደ ዛሬው ድምፅ የዞረው በ17ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ በሰሜን እንግሊዝ ግን እስከ ዛሬ ቃሉን «ኩት» ብሎ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። የኖፓው ልጅ ያነባበብ ስሕተት ብለው መምህሩ የሚያርሙት ድምፅ፣ ዮርክሻየር ውስጥ የአገሬው ሰው ንግግር ነው።

ኦሮምኛ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ የሴም፤ እንግሊዝኛ የጀርመን ወገን ነው። ኩሽና ሴም በሩቅ አያት ቢገናኙም እንግሊዝኛ ከዚህ ዘር አይቆጠርም። «ካት» በእንግሊዝ አገር ሲወለድ ከ«ኩቱ» ጋር የሚያገናኘው የንግድ መንገድም ሆነ የመጽሐፍ ድልድይ አልነበረም። መመሳሰሉ የዕድል ነው። የሰው አፍ የሚያወጣቸው ድምፆች የተወሰኑ፣ የዓለም ቋንቋዎች ግን በሺህ የሚቆጠሩ በመሆናቸው እንዲህ ያለው ዕድል ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል። በፋርስኛ «በድ» ማለት «መጥፎ» ነው፤ በእንግሊዝኛም «ባድ» ያው «መጥፎ» ነው፤ ሁለቱ ግን በምንጭ አይዛመዱም። ምባባራም በተባለ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ውሻ «ዶግ» መባሉ የቋንቋ ሊቃውንትን ብዙ አስገርሟል፤ እንግሊዝኛ ግን አላበደረውም። በድምፅ የተሠራ ዝምድና እንዲህ ነው፤ ሰርግ ላይ እንደሚገኝ የስም ዘመድ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ውርስ ግን አይደርሰውም።

እውነተኛው ዝምድና ያለው በሌላ በኩል ነው፤ ድምፅ ሳይሆን አሳብ በሄደበት መንገድ። በአማርኛ ሰው «ቆርጬ ተነሥቻለሁ» ሲል በእጁ ቢላዋ የለም፤ መወሰኑን ይናገራል። የሰርግ ቀን ይቆረጣል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ተስፋ ይቆረጣል። ወደ ኦሮምኛው ሲዞሩ ያው ነገር ይገኛል። «አብዲ ኩተቹ» ቃል በቃል «ተስፋን መቁረጥ» ሲሆን ፍቺውም ከአማርኛው አንድ ነው፤ «ኩተኖ» ቁርጠኝነት ነው፤ «ኩተታ» ቆራጥ ነው። ኦሮምኛ ለመቁረጥ ያለው ሁለተኛ ግሥ «ሙሩ»ም እንዲሁ ውሳኔን ወልዷል፤ «ሙርቲ» ፍርድ፣ «ሙርቴሱ» መወሰን ነው። ሕግ ማውጣት ግን በኦሮምኛ ከሌላ ግሥ ይመጣል። ሕግ «ይቱመማል»፤ ይህም ብረት እንደሚቀጠቀጥ ማለት ነው። ብዙ ሰው ተሰብስቦ ደጋግሞ ቀጥቅጦ የሚያወጣው ሕግ፣ በአንድ ጊዜ ምላጭ ከሚቆረጥ ፍርድ ጋር በአንድ ግሥ አልተጠቃለለም። ይህን ልዩነት ያስተዋለ ሕዝብ ስለ ሥልጣን ብዙ ያሰበ ሕዝብ ነው።

እንግሊዝኛም ከዚህ ጎዳና አልወጣም፤ ነገር ግን መቁረጡን የደበቀው በላቲን ልብስ ውስጥ ነው። «ዲሳይድ» የሚለው ግሥ «ቆርጦ መጣል» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። «ፕሪሳይስ» ከዚያው ሥር ይወርዳል፤ አማርኛም ለዚሁ አሳብ «ቁርጥ ያለ» ይላል። ልዩነቱ አንድ እንግሊዛዊ «ዲሳይድ» ሲል ቢላዋው የማይታየው መሆኑ ነው፤ ላቲን ያልተማረ ሰው አያውቀውም። አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪው ግን ስለቱን ከነእጀታው በእጁ ይዞ ነው የሚወስነው። የቃሉ ጉልበትም፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው ለመደነዝ ያለው አደጋም፣ ከዚሁ የመጣ ነው።

የአማርኛው ሥር ሰፊ ቤተ ዘመድ አለው። የግዕዙ «ጸ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ጠ» ይሆናል፤ ጸጉር ጠጉር እንደ ተባለ ሁሉ። ቀረጸ፣ ቀረጠ፣ ቆረጠ አንድ ላይ የሚታዩትም በዚህ ምክንያት ነው። ሐውልት የሚቀርጸው ሠዓሊና በኬላ ቀረጥ የሚሰበስበው ሹም በቃል ዘር የአጎት ልጆች መሆናቸውን ቢያውቁ ሁለቱም ደስ የሚላቸው አይመስልም።

ለመምህራን የሚከብደው ግን ምንጩ ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው። በብዙ ክፍል ውስጥ «ካት» በሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ በአጠገቡ «ቆረጠ» ይጻፋል፤ ተማሪው ገልብጦ ይሄዳል። ይህ አሠራር ለተማሪው አንድ ቢላዋ ሰጥቶ ጓዳውን ሁሉ እንደ መንጠቅ ነው። እንግሊዛዊው በ«ካት» ብቻ የሚሠራውን የአማርኛ ተናጋሪ በስንት ግሥ ይከፋፍለዋል! ሽንኩርት ይከተፋል፤ ሥጋ ለቋንጣ ይዘለዘላል፤ ዶሮ ይበለታል፤ እንጨት ይፈለጣል፤ ሣር ይታጨዳል፤ ዳቦ ይቆረሳል። ልብስ ሰፊ ጨርቁን በመቀስ «ይቀድዳል» እንጂ አይቆርጥም፤ ቀሚስም የሚመሰገነው በ«ቅዱ» ነው። ይህን የማያውቅ ተርጓሚ «የቀሚሷ አቆራረጥ ያምራል» ብሎ ይጽፍና ልብስ ሰፊውን ሥጋ ሻጭ ያደርገዋል።

የኢሉባቦር ገበሬ ደግሞ በዚህ ረገድ ከመዝገበ ቃላት የተሻለ መምህር ነው። ያዩ የቡና ደን ተብሎ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የሕይወታዊ ሀብት ክልልነት የተመዘገበው ምድር ቢሎ ኖፓን፣ ሁሩሙን፣ ያዩን፣ ዶረኒን፣ ጮራንና አልጌ ሳቺን ያካትታል። በዚያ ጫካ ጥላ ሥር ቡና ይለቀማል፤ ያረጀው የቡና ግንድ እንዲያቆጠቁጥ ይጎነደላል። በጉማሮ የሻይ ተክል ላይ ቅጠሉ ይቀጠፋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በአማርኛ «ይቆረጣል» የሚባለው ማር ነው። ከረጅም ዛፍ ላይ ከተሰቀለው ቀፎ፣ ጭስ ይዞ በሌሊት የሚወጣው ሰው «ማር ቆራጭ» ይባላል። የሚቆርጠው ሰፈፉን ነው፤ ሁሉንም አይደለም፤ ለንቦቹ ስንቅ ይተዋል። «ማር መቁረጥ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል የመለሰ ተማሪ የማይገባ ነገር ይጽፋል። ስሕተቱ ግን የተማሪው ሳይሆን አንድ ለአንድ የሚያስተምረው ሰሌዳ ነው።

እንግሊዝኛ የግሡን አቅጣጫ የሚለውጠው በኋላው በሚቀጥላቸው ትንንሽ ቃላት ነው፤ «ካት ኦፍ»፣ «ካት ዳውን»፣ «ካት ኢን» እያለ። ተማሪዎች እነዚህን በቃላቸው ለመያዝ ሌሊት ያነጋሉ። አማርኛም የራሱ መሣሪያ እንዳለው ግን የሚነግራቸው የለም። «ደመወዝ ተቆረጠለት» የተባለ ሰው ደስ ይለዋል፤ ወርኃዊ ገቢ ተወስኖለታል። «ደመወዝ ተቆረጠበት» የተባለው ያዝናል፤ ከገቢው ተነሥቶበታል። መካከላቸው ያለው አንድ ፊደል ነው፤ «ለ» እና «በ»። የአንድ ቤተሰብ የወር ቀለብ በአንድ ፊደል ላይ ተንጠልጥሏል። ወታደሩ ለእናቱ ወይም ለሚስቱ ከደመወዙ እንዲከፈል የሚያዝላት ገንዘብ «ተቆራጭ» ይባላል፤ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ሁለቱም ፊደላት አሉ፤ ከእርሱ ይቆረጥበታል፣ ለእርሷ ይቆረጥላታል። ኦሮምኛ ደግሞ ግሡን ወደ ተናጋሪው በመመለስ ይሠራል፤ «ኩቴ» ሌላውን ነገር ቆረጠ ሲሆን «ኩተቴ» ለራሱ ቆረጠ ማለት ነው፤ ቁርጠኝነትም የሚወለደው ከዚህ ወደ ራስ ከሚመለሰው መልክ ነው።

መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ችግር አላጡትም። ኢዘንበርግ በ1841 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ካሳተመው መዝገብ ጀምሮ እስከ ደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. ታላቅ ሥራ ድረስ ብዙ ድካም ተደክሟል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሁለት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዛግብት በአንድ ዓመት ታተሙ፤ አንደኛው የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ፣ ሁለተኛው የዎልፍ ሌስላው። ሌስላው እያንዳንዱን ቃል ብቻውን ሳያቆም በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ማሳየቱ ለእንዲህ ያለው ግሥ ትክክለኛው መንገድ ነበር። የሚያሳዝነው መጻሕፍቱ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በበቂ አለመገኘታቸው፣ በተገኙበትም ተማሪው የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ ገልብጦ መዝጋቱ ነው።

ከዚህ ምድር የወጣ የቃል ሠራተኛም አለ። ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለደው ለኖፓ ጎረቤት በሆነችው በሁሩሙ አካባቢ ነው። በልጅነቱ ተሸጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ፣ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። በስዊድን ተማረ፤ ተመልሶም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሙሉው ሥራ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ታተመ። ከእርሱ ጋር የሠራችው አስቴር ጋኖ፣ እርሷም ከባርነት ነፃ የወጣች፣ ለሥራው የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ አምስት መቶ የሚያህሉ ተረቶች፣ ዘፈኖችና እንቆቅልሾችም ጽፋለች፤ ከእነዚሁም ብዙዎቹ በ1894 እ.ኤ.አ. በወጣው የንባብ መጽሐፍ ገብተዋል። ሁለቱ የተለዩት ከአገራቸው ነበር፤ ከቃሉ ግን አልተለዩም። ለአንድ ግሥ ትክክለኛውን አቻ ለማግኘት መነሻቸው መዝገብ ሳይሆን በልጅነት የሰሙት ንግግር ነበር፤ ተረቱና ዘፈኑ ከትርጉሙ ጎን ለጎን መሰብሰቡ ይህን ያሳያል። ዛሬ በቢሮ የሚተረጉም ሰው ከዚህ ዘዴ የሚማረው ብዙ ነው።

በቢሮ ስለሚተረጎመው ነገር ከተነሣ «ቆራጥ» የተባለው ቅጽል የደረሰበትን ማለፍ አይቻልም። ይህ ቃል በዘመነ አብዮት እንደ ወታደር ማዕርግ ተሾመ። በሬዲዮ፣ በጋዜጣ፣ በሰልፍ መፈክር ላይ የአገሪቱ መሪ ስም ያለ «ቆራጡ» አይጠራም ነበር፤ ታጋዩ ቆራጥ፣ ማኅበሩ ቆራጥ፣ ወጣቱ ቆራጥ ሆነ። ቃሉ በራሱ ክቡር ነው፤ በእንጨት፣ በማር፣ በቀጠሮና በተስፋ ላይ ለዘመናት የሠራ ነው። ችግሩ ግሥ ሆኖ ሳለ የነበረውን ተሳቢ ቅጽል ሆኖ ማጣቱ ነው። «ቆረጠ» የተባለ እንደ ሆነ ሰሚው ወዲያው «ምኑን?» ይላል፤ ሰዋስዉ ራሱ መልስ ያስገድዳል። «ቆራጡ» ሲባል ግን ማንም ምኑን ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄ የሌለበት ቃል ደግሞ እንደ ልብ ይደጋገማል። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሕዝቡ መሪው ከአገር መውጣቱን ከሬዲዮ ሲሰማ አማርኛ ለዚያ ቀን የሚስማማ ሌላ ቃል ከዚያው ሥር ነበረው፤ ሕዝቡ «ቁርጡን» ዐወቀ።

የዚያን ዘመን የኪነት ቡድኖች ተውኔቶች ያስታውሱ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ሳይሉ አልቀሩም። ወጣቱ ተዋናይ ወደ መድረኩ ጠርዝ ይመጣል፤ ደረቱን ይነፋል፤ «ቆርጫለሁ!» ይላል፤ ጭብጨባ ይከተላል። ምን እንደ ቆረጠ ግን ተመልካቹ አላየም። እናቱን ትቶ እንደሆን እናቲቱ በመድረኩ ላይ አልነበረችም፤ እጮኛውን ትቶ እንደሆን ስሟም አልተጠራም። ተዋናዩ ድካም አላነሰውም፤ ጉድለቱ የደራሲው ነው። ውሳኔ የሚሆነው አንድ ነገር ተቆርጦ ሲወድቅና ሲታይ ነው፤ ሳይታይ የሚነገር ከሆነ መግለጫ ነው፤ መግለጫ ደግሞ ተውኔት አይሆንም። ይህ ጉድለት በመድረክ ላይ ያረጀ አይደለም፤ በትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀን ትርኢት ላይ ያው ደረት ነፍቶ መምጣት ዛሬም አለ።

መፈክሩ ሲያልፍ ቃሉ ዕረፍት አላገኘም፤ ወደ ሪፖርት ተዛወረ። «ቁርጠኝነት» የዘመኑ የስብሰባ ስም ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚቆመው «ኮሚትመንት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ምንጩ ሲታይ አስገራሚ ነው፤ «ኮሚት» ከላቲን የመጣና በመጀመሪያ «አደራ መስጠት»፣ «አስረክቦ ማስጠበቅ» ማለት ነበር። እንግሊዛዊው አደራ ብሎ ያሰረውን አማርኛው ቆርጦ ሰጠው፤ ኦሮምኛውም በ«ኩተኖ» እንዲሁ አደረገ። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም። ቋንቋዎች አንዱን አሳብ በተለያየ ሥዕል የማየት መብት አላቸው፤ ሁለቱ የሀገር ቋንቋዎች በዚህ ላይ መስማማታቸውም ሥዕሉ ከሕዝብ የተገኘ መሆኑን ይመሰክራል። የሚተቸው ስሙ አይደለም፤ ከግሡ መሸሹ ነው። «መንገዱን እስከ ሰኔ ልንጨርስ ቆርጠናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አድራጊው «እኛ» ነው፤ ሥራውም መንገዱ ነው፤ ቀኑም ተቆርጧል። «መንገዱን ለማጠናቀቅ ከፍተኛ ቁርጠኝነት ታይቷል» በሚለው ውስጥ ግን አድራጊ የለም፤ ቀን የለም፤ ሰኔ ቢያልፍ የሚጠየቅ የለም። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው ሁልጊዜ ለመሸሽ አስቦ ነው ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ የነበረውን ሪፖርት ነው የገለበጠው። መንገዱን የሚጠብቀው ገበሬ ግን ቡናውን በትከሻው ተሸክሞ በጭቃ ሲሄድ ልዩነቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ስለ ሲኒማ ጥቂት ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛው ግሥ ሳይተረጎም የገባበት የሥራ መስክ እርሱ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 እ.ኤ.አ. ለእይታ ሲበቃ ፊልም ማለት በእጅ የሚዳሰስ ጥቅል ነበር፤ መቁረጥም በእውነት መቁረጥ፣ ከዚያም ማጣበቅ ነበር። አሁን ጥቅሉም መቀሱም ቀርቶ ሥራው በኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ቃሉ ግን አልቀረም። ለሥራው «ቅንብር» የሚል ጥሩ አማርኛ አለ፤ ይሁን እንጂ ቅንብር ማያያዙን እንጂ መቁረጡን አይናገርም። በቀረጻው ቦታ ላይ አዘጋጁ «ካት!» ሲል ካሜራ ያዡ፣ ተዋናዩ፣ መብራት የያዘው ልጅና በዳር ቆሞ የሚያየው የሰፈር ሰው ሁሉም ባለበት ይቆማል። የተናገረው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የተቆረጠውም ምን እንደሆነ ይታወቃል።